ከአፋፉ አራት ሜትር

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ፈጣሪ ባሉበት በሰላም ያክርምዎ። እኔና አባቴ ደህና ነን። ባለፈው ሳምንት በስልክ ሲያነጋግሩኝ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ስላልወጣኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን አፌ ይተሳሰራል። ሲተነፍስ የሰሙት እኔን ነበር፤ መስመሩ አልተበላሸም። ወረቀት ላይ ግን እንደምንም እችላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤት ብቀርም ጽሕፈቴን አልተውኩትም።

አባቴ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያሉትን ነገረኝ። በሚመጣው ዓመት ለመመለስ እንዳሰቡ፣ ከዚያ በፊት ድርሻዎ የሆነው መሬት ተደልድሎ ቤት የሚቆምበት ቦታ እንዲዘጋጅልዎ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። «በደንብ ጠይቂውና ጻፊለት፣ እኔ ዝርዝር አልወድም» አለኝ። ስለዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

መንገድ የሚሠራው ድርጅት ከእኛ በታች ካምፕ አቁሟል። ማሽኖቹን ሥራ በሌላቸው ቀን ለሰው ያከራያል አሉ። ሄጄ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። አንድ ትልቅ ዶዘር አለ፤ ፊቱ ላይ እንደ ግድግዳ የሰፋ ብረት አለው። ከፊቱ የሚዝቅ ከኋላው የሚቆፍር ባለጎማ ሎደር አለ። በሰንሰለት የሚሄድ ኤክስካቫተርም አለ፤ ክንዱን አጥፎ ሲቆም የተቀመጠ ፌንጣ ይመስላል። አባቴ «ዶዘሩ ይሻላል፤ በአንድ ቀን ገፍቶ ይጨርሰዋል» ይላል። ሰፈሩም እንደዚያ ይላል። እርስዎ ግን የማሽን ሥራ እንጀራዎ ስለሆነ የትኛው እንደሚሆን ይንገሩን። ክረምት ሳይገባ መሠራት አለበት።

አባቴ መሬቱ ደህና ነው በይው ብሎኛል።

ቤታችን እንደነበረ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ ብዙ አናወራም። ጠዋት «ወጣሁ» ይላል፤ ሲመሽ «መጣሁ» ይላል። መሀሉን እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። እርስዎ ሲመጡ ሦስተኛ ሰው ይኖረናል ብዬ አስባለሁ። ይህን መስመር ለአባቴ አላነበብኩለትም።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለድመቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እኔ ስሄድ አራት ዓመትሽ ነበር። ሰው ሲመጣ አልጋ ሥር ትገቢና ሁሉም ሲረሳሽ ቀስ ብለሽ ወጥተሽ እግሬ ላይ ትቀመጪ ነበር። ድመት ያልኩሽ ለዚያ ነው። አሁንም «የተከበሩ» የሚለውን ተይልኝ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር አስመሰልሽኝ።

ማሽን ሲባል ሰው ሁሉ ትልቁን ያነሳል። አባትሽ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው። ውሃ ስንቀዳ ትልቁን ባልዲ ይመርጥና ግማሹን መንገድ ላይ ይደፋዋል። እኔ አሥራ አራት ዓመት ኤክስካቫተር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማሽን የምመርጠው ግን ማሽኑን አይቼ አይደለም። መሬቱን አይቼ ነው። እኔ ማየት ስለማልችል አንቺ ታይልኛለሽ።

መጀመሪያ የግቢውን በር ስፋት ለኪ፤ ማሽኑ ካልገባ ሁሉም ወሬ ነው። ገመድ ፈልገሽ በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጊበትና የመሬቱን ርዝመት በእሱ ውሰጂ። ለተዳፋቱ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ተዋሺ። ውሃ ሙዪበት፣ አንዱን ጫፍ ከመሬቱ ላይኛ በኩል፣ ሌላውን ከታች ያዙት፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቁመት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ከውሃው እስከ መሬት ያለውን በሁለቱም በኩል መለካት ነው። ልዩነቱ ተዳፋቱ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ መለኪያ ነው፣ አባትሽን ያዝልኝ በይው።

አፈሩን ደግሞ አንድ ክንድ ቆፍረሽ አውጪ። የመስታወት ጠርሙስ ግማሽ አፈር፣ የቀረውን ውሃ አድርጊና ክንድሽ እስኪዝል ነቅንቂው። መስኮት ላይ አስቀምጠሽ በማግስቱ እዪው። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከመሀል፣ ሸክላው ከላይ ይተኛል። የእያንዳንዱን ውፍረት በጣት ለክተሽ ጻፊልኝ። እርጥቡን አፈር በእጅሽ አድቦልቡይውም፤ እንደ ትል ከረዘመ ሸክላ ነው፣ ከተሰባበረ አሸዋ። በመጨረሻ ውሃ ሲዘንብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ንገሪኝ። ይህን ያልጠየቀ ሰው መሬት ባይነካ ይሻለዋል።

እኔ ደህና ነኝ። የምኖረው ከማሽኖቹ ግቢ ጀርባ፣ መስኮት በተቆረጠለት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። አልጋ፣ ማሞቂያ፣ አንድ ወንበር አለኝ። ሁለተኛ ወንበር ልግዛ ልግዛ ስል ዓመታት አለፉ፤ የሚቀመጥበት አልመጣም።

አጎትሽ


ኅዳር 21

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ በሰላም ደረሰኝ፤ እጅዎ ይባረክ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ኮንቴይነሩን በሐሳቤ ሣልኩት፤ በሩ ወደየት በኩል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

የጠየቁኝን ለክቻለሁ። የበሩ ስፋት ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ነው። የመሬቱ ርዝመት ሠላሳ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሃያ አንድ ነው። ቱቦውን መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። አንዱን ጫፍ ከእንጨት ጋር አስሬ ሌላውን ይዤ ስሮጥ ውሃው ይፈሳል፤ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በአራተኛው አባቴ ሳልጠራው መጥቶ ጫፉን ያዘልኝ። «ትንሽ ከፍ» ስለው ከፍ አደረገው፣ «በቃ» ስለው አቆመው። አባቴን ሳዝ የመጀመሪያዬ ነው። ተዳፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ከአርባ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ከታች አራት ጣት አሸዋ፣ ከላዩ ሁለት ጣት ደቃቅ አፈር፣ ጫፉ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ሸክላ ተኛ። ውሃው እስከ ማግስቱ ቀይ ሆኖ ቆየ። ሳድቦለቡለው አልረዘመም፣ ተሰባበረ።

ውሃው ሲዘንብ ወደ ታች ይሄዳል።

አባቴ ዶዘሩ መቼ እንደሚመጣ ከካምፑ ሰዎች ጋር መነጋገር ጀምሯል። በግንቦት ይሆናል ብለውታል። እርስዎ ቶሎ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። ለሥራው ብቻ አይደለም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለድመቴ፣

በጎ ያሰማሽ። ውሃው ወደ ታች ይሄዳል አልሽኝ። ወደ ላይ የሚሄድበት አገር ካለ ንገሪኝና ልሰደድበት።

ልኬቱን ወድጄዋለሁ። እዚህ ዲፕሎማ ያላቸው እንዳንቺ አጥርተው አይጽፉም። ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የእኔ ድርሻ የታችኛው ነው። የታችኛው መሬት ጥቁር ነው። በበጋ ሲሰነጠቅ እጅ ያስገባል። ልጅ ሆነን የአባታችንን የሳጥን ቁልፍ ስንጥቁ ውስጥ ጥዬው፣ እኔና አባትሽ በሆዳችን ተኝተን በሽቦ ስንፈልግ ዋልን። አላገኘነውም። «የጣልኩት እኔ ነኝ» ብሎ የተገረፈልኝ አባትሽ ነው። ያ አፈር በእጅ ሲድቦለቦል ገመድ ይሆናል እንጂ አይሰባበርም። ከአፈሩ ውስጥ አራት ጣት አሸዋ ከየት መጣ?

ቀይ አፈር ያለው የላይኛው ነው። የላይኛው የአባትሽ ነው።

ድመቴ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባሽው የማንን አፈር ነው?

አጎትሽ


ጥር 20

ለድመቴ፣

ደህና ነሽ ወይ? መልስ ጠብቄ አጣሁ። ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አላመነኝም። ለአባትሽ ደወልኩለት። «ሁሉ ደህና ነው» አለኝ። የእሱን «ሁሉ ደህና ነው» ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እግሩ ተሰብሮም እንደዚያው ነበር ያለው።

መሬቴን ሸጦት ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም። እሺ፣ እቆጣለሁ፤ አንቺን ግን አይደለም።

አጎትሽ


የካቲት 11

ለአጎቴ፣

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅ። የሁለቱም ደብዳቤዎችዎ መልስ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

መሬትዎ አልተሸጠም። የለም እንጂ።

ከአራት ዓመት በፊት በክረምት የጣሪያውና የግቢው ውሃ ቤት ገባ። እስከ አልጋው እግር ደረሰ። አባቴ አካፋ ይዞ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ በአንድ ቀን ቆፈረ። ቦዩ ያለቀው የእርስዎ መሬት ላይ ነው። በዚያ ክረምት ቤቱ ደረቀ፤ ደስ አለን። በሁለተኛው ዓመት ቦዩ እስከ ጉልበቴ ጠለቀ። በሦስተኛው አባቴ ገብቶ ሲሄድ ባርኔጣው ብቻ ይታየኝ ነበር። አሁን ባርኔጣውም አይታይም። ቦረቦር ሆኗል፤ ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው፣ አፉ ላይ ዘጠኝ ሜትር ይሰፋል። ከመሬትዎ የተረፉት በዳርና በዳር ያሉ ሁለት ቁራጮች ናቸው። በየክረምቱ አባቴ ቅርንጫፍና አፈር የሞላ ጆንያ ይጥልበታል። ውሃው ይወስደዋል።

እርስዎ ለኪ ሲሉኝ ገመዱን ይዤ ወደ ታች ስወርድ አባቴ ጠራኝ።

«የላይኛውን ለኪ» አለኝ።

«የአጎቴ እኮ የታችኛው ነው» አልኩት።

«የላይኛውን እሰጠዋለሁ። ደህና አፈር ካገኘ ምን አነሰው?»

«እሱ ግን ያንተ ነው። አንተስ?»

«እኔ ምን አደርግበታለሁ» አለና ገመዱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ወደ ላይ ወጣ።

ሊሰርቅዎ ፈልጎ አይደለም። ቢቆጡ እንኳ ይህን አይርሱብኝ። አፍሮ ነው። እኔም አፍሬ ነው። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ እሱ በእኔ ፊት አፍሮ፣ እኔ በእርስዎ ፊት አፍሬ፣ የሚናገር ሰው ጠፋ።

አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የቦረቦሩ ራስ ወደ ላይ እየበላ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ሰባት እርምጃ መጣ። ከወጥ ቤታችን ግድግዳ እስከ እሱ የቀረው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለው እኔ የምተኛበት ክፍል ነው። አባቴ በግንቦት ዶዘር አምጥቶ የላይኛውን ካስደለደለ ደግሞ የዚያም ውሃ በዚያው ቦይ የሚወርድ ይመስለኛል። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል ያሉኝን ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። ምን ዓይነት ማሽን እናምጣ? ከየት እንጀምር?

ይህን የጻፍኩት አባቴ ሳያውቅ ነው። ቢያውቅ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። «ወጣሁ» እና «መጣሁ» የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 24

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዬ ከደረሰዎ ወር ሊያልፈው ነው ብዬ ቆጠርኩ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ገና ከበሩ ስገባ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። እኔም መጠየቅ ስለምፈራ ደግ አደረገች። ሁለት ሰዓት ሄጄ ራሷን ስትነቀንቅ አይቼ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያለ ጊዜው አንድ ቀን ዘነበ። ትልቅ ዝናብ አልነበረም። በማግስቱ ስለካ ዘጠኝ እርምጃ ሆነ። አፋፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ አባቴ በጫማው አፈር መለሰበት። ለካምፑ ሰዎች የዶዘሩን ቀን ቆርጦላቸዋል፤ ግንቦት 12 ነው።

እውነቱን በመናገሬ ተቀይመውኝ ከሆነ ደብዳቤ ባይጽፉ እንኳ ባዶ ፖስታ ይላኩልኝ። የእጅ ጽሕፈትዎን አድራሻው ላይ አያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 16

ለድመቴ፣

ፈጣሪ ይባርክሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ። በዚህ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አለ። የታሸገው የአባትሽ ነው። አትክፈቺው፤ አታንብቢለትም። ማንበብ ይችላል፤ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ። ጊዜ ይፍጅበት።

ያልጻፍኩልሽ ተናድጄ ስለነበር ነው። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ለመሬቱ አይደለም የተናደድኩት። አፈር ነው፤ እኔ በቀን ስንት መኪና አፈር እጭናለሁ። እሱ መሸከም ያቃተውን አንቺን ማሸከሙ ነው። ለእሱም እንደዚሁ ጽፌለታለሁ።

አሁን ሥራውን ስሚኝ። ዶዘሩ ይቅር። ክብደቱ የተሰነጠቀ አፋፍ ላይ ቢወጣ ኦፕሬተሩን ይዞ ይገባል። ባይገባም እንኳ የሚገፋው አፈር ልል ሆኖ ቦረቦሩ ውስጥ ይተኛና የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ባለጎማውም አይሆንም፤ ጥቁር አፈር ትንሽ ከረጠበ ጎማ ያዳልጣል፣ ክንዱም አጭር ነው። ያ ፌንጣ ያልሽው ነው የሚሆነው። ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ ይሠራል፤ ራሱ አይወርድም። ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ስለሆነ ከበሩ ምሰሶዎች አንዱ ይፍረስ።

መጀመሪያ ውሃው። ከቤቱ ጀርባ አባትሽ የቆፈረው ቦይ ይደፈንና በተዳፋቱ አግድም፣ በጣም በቀስታ የሚወርድ አዲስ ቦይ ይቆፈር፤ በስተግራ ወዳለው ድንጋያማ ቦታ ይውጣ። ድንጋይን ውሃ አይበላውም። ቀጥሎ የቦረቦሩ ግድግዳ እንደ ገደል መቆሙ ይቅርና ሰው ተራምዶ እንዲወርድበት ተጋድሞ ይቆረጥ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ በሦስት ቦታ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ካብ ይሠራ፤ ያ የእጅ ሥራ ነው።

አሁን የምልሽን ሁለቴ አንብቢው። ጥልቀቱ አራት ሜትር ከሆነ ማሽኑ ከአፋፉ አራት ሜትር ይራቅ። በአመድ መስመር አስምሪ። ሰንሰለቱ መስመሩን እንዳይረግጥ። ኦፕሬተር ክንዱ ሥር ያለውን መሬት አያይም፤ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ እኔም አላይም። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ቆሞ በእጅ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው አንቺ ነሽ። አባትሽ አይሁን፤ ይቸኩላል። መዳፍሽን ወደ ራስሽ ስትስቢ ና ነው። ወደ እሱ ስትገፊ ተመለስ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ክንዱን አንሳ፤ ወደ ታች፣ አውርድ። ጨብጠሽ ወደ ላይ ካነሳሽ ቁም ነው፤ እስክታወርጂው ድረስ ማንም ኦፕሬተር አይንቀሳቀስም። ለዚህ ሥራ ድምፅ አያስፈልግም። ሞተሩ ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም።

ዘንድሮ አልመጣም። የሚቀጥለውንም አላውቅም። ብመጣ የምመጣው ለጠብ ነው፤ አፌን አውቀዋለሁ። ቤት መሥራቱንም ትቼዋለሁ። መቼ ይመጣሉ ብለሽ አትጠይቂኝ።

የኮንቴይነሩ በር ወደ ምሥራቅ ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 27

ለአጎቴ፣

ጤናና ሰላም ከእርስዎ አይለይ። እኛ አለን፤ ቤቱም አለ።

የአባቴን ደብዳቤ በእጁ ሰጠሁት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ከዚያ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አምስት ቀን አላናገረኝም። «ወጣሁ»ም «መጣሁ»ም አላለም። በሩ ሲከፈት እየሰማሁ ራሴ ነበር የምለው፣ በሐሳቤ። በስድስተኛው ቀን የበሩን ምሰሶ በዲጅኖ ሲያፈርስ ደረስኩበት።

«ሁለት ሜትር ተኩል ነው ያልሽው?» አለኝ፤ ዞር ሳይል።

ያልኩት እኔ አልነበርኩም። «አዎ» አልኩት።

አባቴ ካምፑ ሄዶ ስላስለወጠው፣ ዶዘሩ ሊመጣ በነበረበት ቀን ኤክስካቫተሩ መጣ። ኦፕሬተሩ ወፍራም፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰውዬ ነው። ወርዶ ቦረቦሩን አየና ፉጨት አወጣ።

«ይሄን ማነው የቆፈረው?» አለ።

«ውሃ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ።

«ጎበዝ ነህ፤ እኔ በማሽን አንድ ወር ይፈጅብኝ ነበር። ምልክት የሚያሳየኝ ማነው?»

አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ከልብስ ማስጫው ኋላ ነበርኩ።

«ይቺ? ይቺ እኔን ፈርታ አንሶላ የለበሰችው? እስቲ ቁም በዪኝ።»

ጨብጬ አነሳሁ። እጄ ከአንሶላው በላይ ሳይታይ አልቀረም።

«ደህና። ቁም ያልሽኝ የመጀመሪያዋ ሴት አይደለሽም» አለና እየሳቀ ማሽኑ ላይ ወጣ።

አመዱን ከማለዳ አስምሬው ነበር። ከአፋፉ አራት ሜትር፣ ዙሪያውን። ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሰው ለረጅም ጊዜ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ሲቆይ አልወድም፤ ያውቃሉ። እሱ ግን የሚያየው እጄን ብቻ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔም ራሴን ረሳሁት። አሮጌው ቦይ ተደፈነ፣ አዲሱ ወደ ድንጋዩ ወጣ፣ የቦረቦሩ ሁለቱም ግድግዳ ተጋደመ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ ጥግ ቀረ። ክንዱ አልደረሰበትም። አንድ ሜትር ጎደለው።

ማሽኑ ወደ መስመሩ መጣ። ጨብጬ አነሳሁ። ቆመ። ሞተሩን ዝቅ አድርጎ በመስኮት ብቅ አለ።

«የኔ እናት፣ አንድ ሜትር እኮ ነው! ጨርሼ ልሂድበት።»

እጄን አላወረድኩም።

«ግባ፣ ግባ!» አለ አባቴ ከጎን። «ልጅቷ ሰው ፊት ቆማ አታውቅም፣ ደንግጣ ነው። ግባ ዝም ብለህ!»

«አባት፣ እኔ የማየው እሷን ነው» አለው ኦፕሬተሩ። «እጇ ካልወረደ አልገባም። አንተ ከፈለግህ ለምናት።»

አባቴ ወደ እኔ መጣ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ አመዱን አየው፣ ከዚያ አፋፉን አየው፣ ከዚያ እጄን አየው። ዞሮ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ለኦፕሬተሩ «ዙር» አለው።

በሌላኛው በኩል ዞሮ፣ ግማሽ አጥራችንን አንስቶ፣ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ፈጅቶ ጨረሰው። አፋፉ አልተደረመሰም። ቢገባም ላይደረመስ ይችል ነበር። ልክ ነበርኩ ወይስ ፈሪ ነበርኩ፣ በምን አውቃለሁ? እርስዎ ቢያዩት ይነግሩኝ ነበር። ሰውዬው ሲሄድ «ካምፕ መጥተሽ ተቀጠሪ፣ የኛ ምልክት አሳዪ ቆሞ ነው የሚያንቀላፋው» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አልገባኝም። «እሺ» አልኩት።

ካቦቹን እኔና አባቴ በእጃችን ሠራን። አሥር ቀን ፈጀብን። «እሱን አቀብዪኝ» «የቱን?» «ጠፍጣፋውን» «ይከብዳል» «እንግዲያው ተይው፣ ያንን።» ወሬያችን ሁሉ ስለ ድንጋይ ነበር፤ ግን ከዓመቱ ወሬ ሁሉ ይበልጣል። ካቦቹ ሲያልቁ ወሬውም አለቀ። ትናንት ጠዋት «ወጣሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደግሞ አዘንኩ።

ዛሬ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ውሃው በአዲሱ ቦይ ቀስ ብሎ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ከበር ቆመን አየነው። ቦረቦሩ አሁን ሸለቆ ነገር ሆኗል፤ ሰው ተራምዶ ይወርድበታል፣ ሣር ሊበቅልበት ነው። ዝናቡ ሲያባራ አባቴ «ጻፊለት» አለኝ። ወረቀት አመጣሁ። ከዚያ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ እንዳለው ጻፍኩት፦

«ወንድሜ፣ ማሽኑ ሁሉንም አንድ አድርጎ ስለደለደለው ያንተና የኔ ድንበር የቱ ጋ እንደነበር ጠፍቶኛል። መጥተህ አሳየኝ።»

ድንበሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ ይህን የጨመርኩት አባቴ ከወጣ በኋላ ነው። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ከወጥ ቤቱ ማዕዘን ጀምሬ በገመድ ለክቼ ገመዱን ልብሴ መሀል አስቀምጬዋለሁ። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ሲያጥፍ ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ ታውቂው ይሆን?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።

የወንድምዎ ልጅ